ድኻን ሳያሳፍሩ ስለ መርዳት

ሰው ሆዱ ስለ ሞላ ብቻ በደኅና ተመገበ አይባልም። ሥጋው እንዲበረታ ከእህል ጋራ አትክልትና ፍሬ ያስፈልገዋል። ድኻ ግን ገንዘቡ ጥቂት ነውና አስቀድሞ ሆድ የሚሞላውን ይገዛል፤ ጎመኑንና ፍሬውን እያየ ያልፋል። ልጆቹም በልተው ሳሉ ይደክማሉ።

በአሜሪካ አገር፥ በሚሺጋን ግዛት፥ ዲትሮይት የምትባል ከተማ አለች። በዚያች ከተማ ምሥራቅ ገበያ የሚባል ትልቅ ገበያ አለ፤ እርሱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1891 ዓመት ጀምሮ በዚያው ስፍራ ይቆማል። ይልቁንም በቅዳሜ ቀን ገበሬዎች ያመረቱትን ያመጡበታል። የአገሩ መንግሥት ለችግረኞች ምግብ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ስናፕ በሚባል ካርድ ይሰጣል፤ ነገር ግን ገንዘቡ ለብዙ ቤተ ሰብ እስከ ወር መጨረሻ አይበቃም።

ስለዚህ በ2009 ዓመት ፌር ፉድ ኔትዎርክ የተባለ ማኅበር በዲትሮይት ገበያዎች አንድ መልካም ሥራ ጀመረ። ሥራውም እንዲህ ነው። ችግረኛዋ እናት ካርዷን ይዛ ወደ ገበያው ጸሓፊ ትቀርባለች። እርሱም ከካርዷ 10 ዶላር ሲቀንስ ሌላ 10 ዶላር ይጨምርላታል፤ በተጨመረውም አትክልትና ፍሬ ብቻ ትገዛበታለች። እንግዲህ 10 የነበረው 20 ሆነ። ገበሬውም ዋጋው ሳይጎድልበት ይሸጣል። አንዱ ስጦታ ሁለት ሰው ረዳ።

ደግሞም እናቲቱ እንደ ለማኝ እጇን አትዘረጋም፤ እንደ ማናቸውም ገዢ ዋጋ ጠይቃ፥ መርጣ፥ ከፍላ ትሄዳለች። ሥራው መልካም እንደ ሆነ ስለ ታየ በ2014 ዓመት የአገሩ ምክር ቤት ይህን ለመሰለ እርዳታ ገንዘብ በሕግ መደበ።

እንዲህ ያለው አሳብ ከጥንት የነበረ ነው። በኦሪት ሕግ ባለ እርሻ አዝመራውን ሲያጭድ የእርሻውን ዳርና ቃርሚያውን ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው ታዝዞ ነበር። ሩትም በቦዔዝ እርሻ ቃርማ አማቷን መገበች። ድኻው በገዛ እጁ ይሰበስብ ነበርና ክብሩ አልተነካም።

እንግዲህ ለድኻ የሚሰጥ ሰው ሁለት ነገር ያስብ። አንደኛው፥ የሚሰጠው ነገር ለተቀባዩ ሥጋ የሚጠቅም ይሁን፤ ሁለተኛው፥ አሰጣጡ ተቀባዩን የማያሳፍር ይሁን። እንጀራን ሰጥቶ ክብርን የሚወስድ ምጽዋት እኩሌታው ጠፍቷልና።