«ሻረ» ስለሚለው ግስ

«የሞት ሽረት ትግል» በስደት በሚታተሙ ጽሑፎቻችን አዘውትሮ የሚያጋጥም ሐረግ ነው። «ሽረት»ን ከ«ሹም ሽር» ጋር አዛምዶ፣ ነገሩን «ወይ መሞት ወይ ገዥን ማውረድ» ብሎ የሚረዳ አንባቢ አይጠፋም። አረዳዱ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱ ግን ግሱን በቅርብ ለመመርመር ጥሩ ምክንያት ይሆነናል።

መሠረቱ የግእዙ «ሰዐረ» ነው፤ አፈረሰ፣ ከሹመት አወረደ፣ ሕግ ጣሰ ማለት ነው። የጉሮሮው ፊደል በአማርኛ ሲወድቅ «ሰሐበ» «ሳበ»፣ «መሐረ» «ማረ» እንደ ሆነ ሁሉ፣ ይህም «ሳረ» ሊሆን በተገባው ነበር። «ሻረ» የሆነው፣ በእኔ ግምት፣ ዘወትር አጠገቡ በሚቆመው በ«ሾመ» ተስቦ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ የኖረ ሕዝብ ሁለቱን ቃላት በድምፅም ቢያጣምራቸው አያስደንቅም።

የግሱ ፍቺ እንደ ባለቤቱ ይለያያል። ንጉሥ ወይም ምክር ቤት ሕግ ሻረ ሲባል፣ ሕጉ ከዚያ ወዲያ የለም። ገበሬ ሰንበት ሻረ ሲባል ግን ሰንበት በቦታዋ አለች፤ የተላለፈው እርሱ ነው። መሻር ከማገድም ይለያል። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ሲያወርድ የ1948ቱን ሕገ መንግሥት አገደ እንጂ አልሻረም። የታገደ ነገር ሊመለስ ይችላል ተብሎ ይጠበቃል፤ ያ ሕገ መንግሥት ግን ሳይመለስ፣ አገሪቱ እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ ያለ ሕገ መንግሥት ቆየች።

ከሁሉ የሚደንቀው ሌላው ፍቺው ነው፤ «ቁስሉ ሻረ»፣ «ከሕመሙ ሻረ»። እዚህ ላይ ሰዋስው ራሱ ይለወጣል። ሹም የሚሽረው አለ፤ ስለዚህ «ተሻረ» እንላለን። «ቁስሉ ተሻረ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ ግን የለም። ቁስል ተሳቢ ሳይሻ በራሱ ጊዜ ይሽራል፤ መድኃኒት ቢረዳውም «አሻረው» ይባላል እንጂ «ሻረው» አይባልም። («ሽሮ» የሚለው ቦዝ አንቀጽ ከወጡ ስም ጋር መመሳሰሉ ለባዕድ ተማሪ ብቻ የሚያስቸግር አጋጣሚ ነው።) በ1967ም ሆነ በ1983 ዓ.ም. የሥርዐት ለውጥ ሹማምንት በአንድ ዐዋጅ ተሻሩ። ከዚያ አስቀድሞ የቆሰለው ሁሉ በዚያው ቀን ይሽራል ብለን የጠበቅን ብዙዎች ነበርን፤ ቋንቋችን ግን ሁለቱን ድርጊቶች በአንድ ቃል ቢጠራም በአንድ አገባብ አያስኬዳቸውም።

ወደ ሐረጋችን ስንመለስ፣ «ሞት ሽረት» የተወሰደው ከሹመት ሳይሆን ከሕመም ነው። በሽተኛው በሞትና በመዳን መካከል ያለበትን ሁኔታ ይገልጻል። ስለዚህ ወደ ባዕድ ቋንቋ የሚተረጉም ሰው «ሽረት»ን በ«መዳን» እንጂ በ«መገልበጥ» ሊፈታው አይገባም፤ «ወይ እንሞታለን ወይ እንሽራለን» የሚል ጸሐፊም ስለ ራሱ ጤና መናገሩ መሆኑን ይወቅ።