የመጀመሪያዎቹ መቶ ደረጃዎች

በኢትዮጵያ ከተሞች «የጤና ቡድን» ሲባል ማብራሪያ አያስፈልገውም። መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ ሹፌሮችና የመንግሥት ሠራተኞች እሑድ ማለዳ ማልያቸውን ለብሰው ኳስ የሚጫወቱበት ስብስብ ነው። የእግር ኳስ ፍቅር በበረታባት ሆሳዕና፣ እንዲሁም በሾኔና በዱራሜ፣ ለዓመታት ከስፖርት የራቀ ጎልማሳ «ልጀምር» ሲል መጀመሪያ የሚታወሰው ይኸው ሜዳ ነው።

ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ የተመለሰ ሰው የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በደስታ ያሳልፋቸዋል። ኳስ ማቆሙ፣ ማቀበሉ አልጠፋበትም። ችግሩ የሚመጣው ረጅም ኳስ ከጀርባው ሲወረወር ነው። አእምሮው የሃያ አምስት ዓመቱን ፍጥነት ያዛል፣ እግሩ ግን ያን ትእዛዝ ከተቀበለ ቆይቷል። ባቱን ወይም ቋንጃውን ይዞ ይቀመጣል። የሚቀጥሉትን ሦስት ሳምንታት እያነከሰ ባጃጅ ይሳፈራል፣ ማልያውም ወደ ሳጥን ይመለሳል።

ይህ ሰው በልጅነቱ ሰነፍ አልነበረም። ዛሬ በሐዲያና በከምባታ ከተሞች በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ብዙዎች ያደጉት ገጠር ነው። ትምህርት ቤት በእግር ተመላልሰዋል፣ ውኃ ተሸክመዋል፣ ከብት ጠብቀዋል። ሴቶቹ ደግሞ እንሰት ሲፍቁ ክንድ፣ ትከሻና ወገብ አንድ ላይ ይሠሩ ነበር። ከተማው ይህን ሁሉ ቀስ በቀስ ወሰደው። ሥራው ወንበር ላይ ሆነ፣ የሃያ ደቂቃው መንገድ የባጃጅ ሆነ። ቆጮውና ቅቤው ግን በነበረበት ቀጠለ።

መቀመጥ ልብ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ቀድመው ካሳዩት አንዱ ብሪታንያዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጥናት የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሹፌሮችን ከትኬት ቆራጮቹ ጋር አነጻጸረ። ሁለቱም አንድ አውቶቡስ ላይ ይሠራሉ፤ ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፣ ትኬት ቆራጩ በቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይወጣል። ትኬት ቆራጮቹ በልብ ሕመም የሚጠቁት ከሹፌሮቹ ባነሰ መጠን ነበር፤ ቢታመሙም ሕመሙ ይቀልላቸው ነበር።

ታዲያ ለዓመታት የተቀመጠ ሰው ያጣውን መመለስ ይችላል?

ለዚህ ጥያቄ ከዳላስ የተገኘው መልስ ልብ ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ1966 በዚያች የአሜሪካ ከተማ ተመራማሪዎች አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶችን ለሦስት ሳምንታት አልጋ ላይ አዋሉ። ከ30 ዓመታት በኋላም ያንኑ አምስት ሰዎች ፈልገው አገኟቸው። ዕድሜያቸው 50 ደርሷል፣ አማካይ ክብደታቸው ከ77 ኪሎ ወደ 100 ኪሎ አድጓል። ሆኖም ሰውነታቸው ኦክስጅን ተጠቅሞ ሥራ የመሥራት አቅሙ በ30 ዓመት ውስጥ የቀነሰው፣ በወጣትነታቸው በሦስት ሳምንት መተኛት ብቻ ከቀነሰው ያነሰ ነበር። ዕድሜ ካደረሰው ጉዳት አልጋው ያደረሰው በልጧል።

ከዚያ ለስድስት ወራት ልምምድ ጀመሩ። እርምጃ፣ ሶምሶማና ብስክሌት ነበር፤ ከትንሽ ተነሥተው ቀስ እያሉ በሳምንት ወደ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ አደረሱት። በስድስተኛው ወር መጨረሻ አቅማቸው በ20 ዓመታቸው ከመተኛታቸው በፊት ወደነበረበት ተመለሰ። ከክብደታቸው የቀነሱት ግን አምስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሚዛን ላይ ወጥቶ «ምንም አልተለወጠም» ብሎ ለሚያቆም ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ቦርጩ ሳይጎድል ልቡ ሊጠነክር ይችላል።

ከአምስቱ ሰዎች ታሪክ ቀስ እያሉ መጨመራቸውም ልብ ሊባል ይገባል። የልብ አቅም በሳምንታት ውስጥ መሻሻል ይጀምራል፤ ጅማት ግን ለመጠንከር ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ ትንፋሹ የተመለሰለት ሰው ጉልበቱና የተረከዙ ጅማት ሳይዘጋጁ ይሮጣል። ብዙ ጀማሪዎች የሚጎዱት ለዚህ ነው።

የበለጠ የሚያሳስበው ደግሞ ልብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ከባድ እንቅስቃሴ የማያደርጉ ሰዎች ድንገት ከባድ ጉልበት ሲያወጡ በልብ ሕመም የመመታት አደጋቸው ከ100 እጥፍ በላይ ይጨምራል። በሳምንት አምስት ቀንና ከዚያ በላይ በሚንቀሳቀሱት ላይ ጭማሪው ከሁለት እጥፍ ብዙም አይርቅም። እሑድ ብቻ የሚጫወት ሰው የእሑዱን ጨዋታ የሚጠብቁለት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያሉት ቀናት ናቸው። ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» በሚል በወር አንድ እሑድ ጎዳና ለእግረኛ ሲለቀቅ ጥሩ መነሻ ሆኗል። ሰውነት የሚለወጠው ግን በመካከሉ ባሉት ቀናት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው። ለጀማሪ ቁጥሩ ያስፈራል። በቀን ሲከፋፈል ግን በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ ባጃጁን ትቶ ወደ ቢሮ በእግር መሄድና መመለስ ሊሸፍነው ይችላል። መጠኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እየሄዱ ማውራት ከተቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተ፣ መካከለኛ የሚባለው እሱ ነው። በሆሳዕና ዳገቶች ላይ ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ሳይሮጥ እዚያ ይደርሳል።

ለጡንቻው ደግሞ ብርጩማ በቂ ነው። እጅን ደረት ላይ አጣጥፎ ከዝቅተኛ ብርጩማ መነሣትና መቀመጥ የጭንና የዳሌ ጡንቻን ያሠራል። አምስት ጊዜ የከበደው ሰው በከፍተኛ ወንበር ይጀምርና እየበረታ ሲሄድ ወደ ብርጩማው ይወርዳል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ግፊትን መለካት ይቀድማል። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት ከአዋቂዎች መካከል ከመቶ 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ነበረባቸው። ግፊት ሳይሰማ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። በአቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ ግፊትና ስኳር ለማየት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው ስፖርት አይከለከልም፤ እንዲያውም ይታዘዝለታል፣ አጀማመሩ ግን ከሐኪሙ ጋር ይሁን። ሲንቀሳቀሱ ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከተሰማ ወዲያው ማቆምና ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ዱራሜ ያለ ሰው መለኪያውን ከደጁ ያገኘዋል። ከተማዋ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ በሚረዝመው የሐምበሪቾ ተራራ ግርጌ ናት፤ ወደ ተራራው የሚያወጣው ደረጃም 777 ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁሉንም ለመጨረስ የተነሣ ሰው መውጣቱ ይሳካለት ይሆናል። ቁልቁለቱ ግን የፊት ጭኑን እንደ ፍሬን ስለሚያሠራው፣ ሰኞ ከአልጋው የሚነሣው ግድግዳ ይዞ ነው። በሁለቱ የመጀመሪያ ሳምንታት መቶ ደረጃ ብቻ ወጥቶ ቢመለስ፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ መቶ ቢጨምር፣ በአራተኛው ወር ላይ ሰባት መቶውን አልፎ የቀሩትን ሰባ ሰባት ይወጣል። ያኔ ዱራሜ ከእግሩ ሥር ትታያለች፤ ከታች ከጓደኛው ጋር የጀመረው ወሬም ገና አላለቀም።