የቤተሰባችን ሐኪም ማን ነው?
ኮሮና ለጎንደርና ለሰሜን ደጋማ ወረዳዎች የተወው ጥያቄ

በቤትዎ ግፊት ያለበት፣ ስኳር ያለበት ወይም የአስም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይኖር ይሆናል። ያንን ሰው በስሙ የሚያውቅ፣ ባለፈው ዓመት መድኃኒቱ ለምን እንደተቀየረ የሚያስታውስ፣ ከቀጠሮ ሲቀር «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሐኪም አለዎት? አብዛኞቻችን የለንም። ያለን የካርድ ቁጥር ነው። ካርዱ ሲጠፋ ሌላ እናወጣለን፤ የጤና ታሪካችንም እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

ይህ ክፍተት ድሮም ነበረ። ገላልጦ ያሳየን ግን ኮሮና ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በእነዚያ ሳምንታት ጎንደር ውስጥ ስለ ሕክምና የሚወራው ወሬ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ «ሄጄ ሐኪም አጣሁ» ይላል። ሌላው «ሆስፒታል ብሄድ በሽታውን ይዤ ነው የምመለሰው» ብሎ ከነሕመሙ ቤቱ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ስለሚናደድ ድምፁ ይሰማል። ሁለተኛው ዝም ብሎ ነው የሚጎዳው፤ ግፊትም ሆነ ስኳር ጉዳቱን ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ጊዜ ምልክት አይሰጥምና።

እውነቱን ለመናገር፣ የጤና ተቋማቱ የወሰዷቸው እርምጃዎች አብዛኞቹ ተገቢ ነበሩ። አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና ይተላለፍ ተባለ። ተመላላሽ ታካሚዎች በየወሩ ተሰልፈው ከሚጨናነቁ የብዙ ወር መድኃኒት በአንዴ እንዲወስዱ ተደረገ። ባለሙያዎች ወደ ለይቶ ማቆያና ወደ ኮቪድ ሕክምና ማዕከል ተዛወሩ። የጎደለው ይህንን ሁሉ ለታካሚው የሚነግር ሰው ነው። ያኔ 8335 ላይ ቢደውሉ ስለ ኮሮና ይነገርዎ ነበር፤ ስለ እናትዎ ግፊት ግን ማንን ይጠይቁ ነበር?

የኔን እናት ነገር ላንሳ። የግፊት ክትትል የምታደርግበት ተቋም (ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም) በቀጠሮዋ ቀን ስንደርስ ጥበቃው በሩ ላይ አስቆመን። «ተመላላሽ የለም፤ ሲጀመር ትጠራላችሁ» አለን። የጠራን የለም። መድኃኒቷ ኢናላፕሪል ነበር፣ ባለ 5 ሚሊግራም። ሲያልቅ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞርን። በመጨረሻ የተገኘው ሌላ ፋብሪካ የሠራው፣ ስሙም ማሸጊያውም የተለየ፣ ባለ 10 ሚሊግራም ነው። ያው ነው? ለሁለት ይከፈላል? የሚጠየቅ ሐኪም ስላልነበረን የደወልነው ሌላ ከተማ ኢንተርን ለሆነ የአክስቴ ልጅ ጓደኛ ነው። ያኔ ሰኔ 2012 መጨረሻ ነበር፤ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት ቆይቷል። የማሸጊያውን ፎቶ መላክ ስላልቻልን የተጻፈውን ፊደል በፊደል በስልክ አነበብኩለት። ልጁ ትዕግሥቱ አይጣል ነው፤ አስደግሞ ከሰማ በኋላ ምን እንደምናደርግ ነገረን። ሁለት ወር ሙሉ የእናቴ ሐኪም እሱ ነበር። አይቷት አያውቅም።

በእኛ አገር የቤተሰብ ሐኪም ማለት ብዙ ጊዜ ሕክምና የተማረ ዘመድ ነው። ዘመድ የሌለው ደግሞ የዘመድ ጓደኛ ይፈልጋል። እኔ የምሠራው በማርኬቲንግ ነው፤ በእኛ ሙያ አንድ ደንበኛ ሁለት ወር ከጠፋ የሚደውል ሠራተኛ አለ፣ ካልደወለም ይጠየቃል። ለሳሙናና ለዘይት ደንበኛ የሚደወለውን ያህል ለግፊት ታማሚ የማይደወልበት ምክንያት እስካሁን አልገባኝም።

የሕዝቡ ንዴት ታዲያ የት አረፈ? በቅርብ የተገኘው ላይ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ላይ፣ ጥበቃው ላይ፣ ከሌሊት ተረኝነት የወጣችው ነርስ ላይ። አንዳቸውም ቀጠሮ የሰረዙ ሰዎች አይደሉም። በእንግሊዝ የሆነውን ማነጻጸር እዚህ ላይ ይጠቅማል። እዚያ እያንዳንዱ ሰው በሰፈሩ ባለ የጠቅላላ ሐኪም ክሊኒክ ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሕዝቡ ሐሙስ ሐሙስ ማታ በየደጁ ወጥቶ ለጤና ባለሙያዎች አጨበጨበ። ምክክሩ ወደ ስልክ ዞሮ በዚያው ሲቀጥል፣ በ2021 ያው ሕዝብ «ሐኪሜን ፊት ለፊት ማየት አልቻልኩም» ብሎ ተቆጣ፤ መንግሥትም በዚያ ዓመት ጥቅምት ችግሩን ለማቃለል 250 ሚሊዮን ፓውንድ መደብኩ አለ። የቤተሰብ ሐኪም መኖሩ ንዴትን አላስቀረም። ነገር ግን ንዴቱ አድራሻ ነበረው፤ የትኛው በር ላይ ምን እንደሚጠየቅ ይታወቃል። እኛ ጋ የተናደደው ሰው ማን ሐኪሙ እንደሆነ እንኳ ስለማያውቅ ጥበቃውን ሰድቦ ይመለሳል።

አሁን ከከተማው ወጥተን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን እንሂድ። ዳባትን አልፈው ደባርቅ ሲደርሱ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ላይ ነዎት። ከዚያ በስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ጨነቅን አልፎ፣ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ በቧሂት ጥግ ተሻግሮ ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ የሚወስደው መንገድ ይቀጥላል። ከተሜው ለፎቶ ነው የሚሄድበት። ምጥ የያዛት ሴት ከመንገድ ርቆ ካለ ቀበሌ ስትመጣ ግን አምቡላንሱ እስከሚጠብቅበት ድረስ በቃሬዛ ነው፤ ተሸካሚው ጎረቤት ነው፣ ቁልቁለቱም ገደል ነው።

እዚያ ሐኪም በቅርብ የለም። ሆኖም ከተሜው የሌለው አንድ ነገር አላቸው። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መሠረት ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ ሕዝብ ላለው ቀበሌ አንድ ጤና ኬላ፣ ለአንድ ጤና ኬላ ሁለት ባለሙያ ይመደባል። አብዛኞቹ ከዚያው አካባቢ የወጡ፣ 10ኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ ወጣት ሴቶች ናቸው። ማን እንዳረገዘች፣ የማን ልጅ ክትባት እንዳመለጠው፣ የሳንባ መድኃኒት ጀምሮ ያቋረጠው ማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ካላወቁም ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ። ኮሮና ሲገባ መንግሥት ቤት ለቤት ልኮ ያሠማራው እነሱን ነው። በመተማ በኩል ከሱዳን የሚመለሱ ወጣቶች በበዙበት በዚያ ወቅት፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ማን ቤት እንዳረፈ ለማወቅ ከእነሱ የቀረበ ሰው አልነበረም። አጥር ላይ ቆመው ነው የሚያናግሩት፤ ብዙ ጊዜም መከላከያ ሳይኖራቸው።

ይህን ስል ደጋውን ገነት ማድረጌ አይደለም። ጤና ኬላው መድኃኒት የሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ባለሙያዋ ግፊት ብትለካ እንኳ ከባዱን ነገር ወደ ጤና ጣቢያ ከመላክ ሌላ አማራጭ የላትም፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ የሰዓታት መንገድ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ ወረዳዎች ድረስ ሲመጣ ያ ሁሉ የቤት ለቤት ሥራ ተናግቷል። የደጋዋ እናት የሚያውቃት ሰው አላት፤ የሚያክማት ሩቅ ነው። የእኔ እናት ቤት የስፔሻሊስት ሆስፒታል አጠገብ ነው፤ የሚያውቃት ግን አልነበረም። ሁለቱ እናቶች አንድ ላይ የሚያስፈልጋቸው ነገር አለ፤ ያንን ነገር ደግሞ ከጎንደር በላይ ሊያውቀው የሚገባ ከተማ የለም።

ምክንያቱም ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ በኩል የተነሳ የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። ያፈራው ነጠላ ሐኪም አልነበረም፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድ ላይ ሠልጥነው በአንድ ላይ ወደ ገጠር ይወጡ ነበር። ቆላ ድባ ጤና ጣቢያ የእነሱ መማሪያ ነበር። ሥራቸው ታማሚን ቢሮ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቻ አልነበረም፤ ውኃውን፣ ሽንት ቤቱን፣ አራሷን ሄዶ ማየት ጭምር ነው። ዩኒቨርሲቲው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ተመራቂ ተማሪዎቹን ከተለያየ የጤና ትምህርት ክፍል አሰባጥሮ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ የሚልከው ከዚያ ልማድ በመነሳት ነው።

ዛሬ ደግሞ «የቤተሰብ ሕክምና» ራሱን የቻለ የስፔሻሊቲ ትምህርት ሆኗል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2005 ዓ.ም. ነው የጀመረው። እነዚህ ሐኪሞች ከሕፃን እስከ አዛውንት ያለውን ቤተሰብ ይዘው የሚከታተሉ፣ ወደ ሌላ ስፔሻሊስት መቼ እንደሚኬድ የሚወስኑ ናቸው። ቁጥራቸው ገና ጥቂት ነው። በከተሞች የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በነርሶች ይካሄዳል፤ አዲስ አበባ ላይ «የቤተሰብ ጤና ቡድን» የሚባል አሠራርም ተሞክሯል። ቡድኑ ቅድሚያ የሚሰጠው አቅም ለሌላቸው ቤቶች ነው፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው።

እኛ መካከለኛ ገቢ ያለን ሰዎች ግን በራሳችን እጅ የፈጠርነው ችግርም አለ። ራሳችንን ሲያመን በቀጥታ ኒውሮሎጂስት፣ ደረታችንን ሲወጋን በቀጥታ የልብ ሐኪም እንላለን። ጤና ጣቢያ መሄድ ያሳፍረናል። ጤና መኮንን ሲያየን «ዶክተር የለም እንዴ?» ብለን እንጠይቃለን። ሦስት ስፔሻሊስት ሦስት ዓይነት መድኃኒት ያዝልናል፣ ሦስቱን አንድ ላይ የሚያይ ግን የለም። ክትባቱ በመጋቢት 2013 ሲጀመርም ያው ታየ፤ ስኳርና ግፊት ያለባት እናት «ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ?» ስትል ቴሌቪዥኑ ለሁሉም የሚሆን መልስ ነበረው፣ ለእሷ የሚሆን መልስ የሚሰጣት ግን ከጎረቤት ሌላ አልተገኘም።

ስለ ባለሙያዎቹ ካላነሳሁ ጽሑፉ ያደላ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ሐኪሞች የሥራ ሁኔታችን ይስተካከል ብለው አደባባይ ወጥተው ነበር። ዓመት ሳይሞላ ኮሮና መጣ፤ ከዚያ ጦርነት፤ በ2017 ዓ.ም. ግንቦትም ስለ ደሞዝ ያው ጥያቄ ተነሳ። በኮሮናው ወራት ጀግኖች ተባሉ፣ ተመሰገኑ፤ በዚያው ሳምንት ግን «ከሆስፒታል ነው የምትመጣው» ተብላ ጎረቤት የሸሻት ነርስ ነበረች። በዚያ ደሞዝ በአንድ ቦታ ዓመታት መቆየት ከባድ ነው፤ ሐኪም ሳይቆይ ደግሞ ታካሚውን በስም አያውቅም። የቤተሰብ ሐኪም ማጣታችንና የሐኪሙ የቤት ኪራይ አንድ ጉዳይ ናቸው።

ሥርዓቱ እስኪስተካከል ድረስ በየቤታችን ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ። ለቤትዎ የሚቀርብ አንድ ጤና ጣቢያ ወይም አንድ ክሊኒክ ይምረጡና ለቀላሉም ለከባዱም መጀመሪያ እዚያ ይሂዱ። ደህና አድርጎ ያየዎትን ባለሙያ ስሙንና የሚገባበትን ቀን ይጠይቁ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ እሱን ይጠብቁ፣ ጤና መኮንን ቢሆንም። ስልክ ከሰጠዎት በሥራ ሰዓት ብቻ ይደውሉ። ግፊት ያለበት ሰው ካለ መለኪያ መግዛት የሚቻል ከሆነ ይግዙና ቁጥሩን ከነቀኑ ይመዝግቡ። መድኃኒት ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፋርማሲ ይሂዱ፤ የመጨረሻውን ፍሬ አይጠብቁ። ስሙ ወይም መጠኑ የተለየ ነገር ከሰጡዎት ሳይጠይቁ አይጀምሩ።

ለቤተሰቡ ሁሉ የሚሆን አንድ ደብተርም ያዘጋጁ። እያንዳንዱ ሰው ምን እንዳለበት፣ የማይስማማው መድኃኒት ምን እንደሆነ፣ ሪፈር የተጻፈለት መቼና ወዴት እንደሆነ ይግባበት። የመድኃኒቱን ስምና ሚሊግራም ከማሸጊያው ላይ ፊደል በፊደል ይገልብጡ። ደብተሩን ከቡና ዕቃው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት፤ ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ የሚያየው ቦታ ነው።