የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ቻርጅ ሶኬት ሲግል፦ ምክንያቱና አቀያየሩ



በ2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካስታወቀ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች በብዙ ከተሞች እየተለመዱ መጥተዋል። ሽንኩርት፣ ቲማቲም ወይም ወተት ከማሳና ከመንደር ወደ አሳይታ ገበያ ለሚያመላልስ ሰው የኤሌክትሪክ ሞተር የነዳጅ ወጪን ያስቀራል። ሆኖም ቻርጀሩ የሚሰካበት ሶኬት ከጋለና በጊዜ ካልተቀየረ ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ቤትንና የመኖ ክምችትን ሊያቃጥል ይችላል።

ሶኬቱ ለምን ይግላል?

የመስኖ ቦይ በደለል ሲጠብብ ውኃው እዚያ ቦታ ላይ ይታገላል። ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። የሶኬቱና የስፒናው መዳብ ሲላላ፣ አቧራ ሲገባበት ወይም በላብና በእርጥበት ሲዝግ መገናኛው ይጠባል፤ እዚያው ላይ ሙቀት ይፈጠራል። የሙቀቱ መጠን የሚገኘው አምፔሩን በራሱ አባዝቶ በመገናኛው ሬዚስታንስ በማባዛት ነው። ለምሳሌ በ10 አምፔር ቻርጀር ጤነኛ መገናኛ 0.01 ኦም ቢኖረው 1 ዋት ብቻ ይግላል። ያው መገናኛ ተበላሽቶ 0.1 ኦም ቢደርስ 10 ዋት ይሆናል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው የሚስማር ራስ በምታክል ቦታ ላይ ስለሆነ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። የጋለ መገናኛ ይበልጥ ይላላል፤ የላላውም ይበልጥ ይግላል። ስለዚህ ችግሩ በራሱ አይድንም።

ምልክቶቹ

• ስፒናው ሲነቀል በእጅ ለመያዝ ያቃጥላል።
• ፕላስቲኩ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኗል፤ የተቃጠለ ሽታ አለው።
• ስፒናው ሲነካ ቻርጁ ይቋረጣል፤ ይመለሳል።

ከነዚህ አንዱን ካዩ ቻርጅ ማድረግዎን ያቁሙ። ሶኬቱን በፕላስተር ጠቅልሎ መቀጠል ሙቀቱን ያፍናል እንጂ አይቀንሰውም።

አዲሱን ሶኬት ሲመርጡ

በቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን የአምፔር መጠን ያንብቡ። የሚገዙት ሶኬት ከዚያ ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ የሚችል ይሁን፤ ለ10 አምፔር ቻርጀር 15 አምፔር ማለት ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ያለው የኮምፒውተር ሶኬት የሚመስለው ባለ ሦስት ጫፍ ዓይነት የተሠራው ለ10 አምፔር በመሆኑ በትልቅ ቻርጀር ሲሠራ ይጨነቃል። ስፒናውንም አብረው ይቀይሩ፤ የተቃጠለ ስፒና አዲሱን ሶኬት መልሶ ያበላሻል።

አቀያየር

1. ቻርጀሩን መጀመሪያ ከግድግዳው፣ ቀጥሎ ከሞተሩ ይንቀሉ። ሶኬቱ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ።
2. ባትሪውን ከሞተሩ ያላቁ። ቁልፉን ማጥፋት ብቻ በቂ አይደለም፤ በብዙ ሞተሮች የቻርጅ ሽቦው ቁልፉ ጠፍቶም ከባትሪው ጋር እንደተገናኘ ነው።
3. በቴስተር ይለኩ። ሶኬቱ ላይ 0 ቮልት ካላሳየ አይንኩት።
4. ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ። የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ሽቦዎቹን ቦታ በወረቀት ላይ ይጻፉ ወይም በስልክ ፎቶ ያንሱ።
5. ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ይፍቱ፤ የተፈታውን ጫፍ ወዲያው በኤሌክትሪክ ፕላስተር ይሸፍኑ።
6. የጠቆረውን ሽቦ የሚያበራ መዳብ እስኪታይ ይቁረጡ። ካጠረ ከቀድሞው ባልቀጠነ የመዳብ ሽቦ ይቀጥሉት፤ ለ10 አምፔር 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር በቂ ነው።
7. ጫፎቹን በመጭመቂያ ፒንሳ አጥብቀው ወይም በይደው ያገናኙ። በእጅ ጠምዝዞ መተው ችግሩን መልሶ ያመጣዋል።
8. ፊውዙ ከተቃጠለ በተመሳሳይ አምፔር ፊውዝ ይተኩ እንጂ በሽቦ አያገናኙ።
9. ባትሪውን ይመልሱ። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከቻርጀሩ ጋር መግጠማቸውን በቴስተር ያረጋግጡ። አቀማመጡ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ የጎረቤት ቻርጀር ሳይለኩ አይሰኩ።

ሙከራ

ለ30 ደቂቃ ቻርጅ ያድርጉ፤ አጠገቡም ይቆዩ። ከዚያ ቻርጀሩን ከግድግዳው ነቅለው ስፒናውን በእጅዎ ይያዙ። ለብ ቢል ችግር የለውም፤ እስከ አምስት ሲቆጥሩ መያዝ ካልቻሉ ግን ሥራው አልተስተካከለም።

ለአካባቢያችን ሙቀት የሚሆን ጥንቃቄ

በአሳይታ በሞቃታማዎቹ ወራት ጥላ ሥር እንኳ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ከጉዞ እንደተመለሱ ወዲያው አይሰኩ፤ ባትሪው ይቀዝቅዝ። ማታ ወይም ንጋት ላይ፣ ነቅተው ሳሉ ቻርጅ ያድርጉ። ቦታው ከሰሌን ቤት፣ ከገለባና ከነዳጅ የራቀ፣ ጥላና ነፋስ ያለው ይሁን። በሳምንት አንድ ጊዜ ቻርጀሩ ተነቅሎ ሳለ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ያጽዱ፤ የሶኬቱን ክዳንም ዘወትር ይዝጉ።

ባትሪው ካበጠ፣ ፈሳሽ ካወጣ ወይም መለያያው ካልተገኘ ራስዎ አይክፈቱት፤ ባለሙያ ይጥሩ። ጢስ ካዩ ደግሞ ከተቻለ ማከፋፈያውን ከርቀት ያጥፉ፣ ልጆችንና ከብቶችን ያርቁ፤ ሞተሩን ለማዳን አይጠጉ።

ይህን ጽሑፍ በቡድንዎ ውስጥ ሞተር ላላቸው ሁሉ ያንብቡላቸው፤ ዛሬ ማታ ከመሰካታቸው በፊት ሶኬታቸውን አብረው ይመልከቱ።