«ላይት» ብርሃን ነው፤ አንድም…

ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ይዘውት በሚመጡት ደብተር በስተግራ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ በስተቀኝ አንድ የአማርኛ ፍቺ ተጽፎ እናያለን። ለጀማሪ መልካም ነው። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሚሰጥ ትምህርት፣ በሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ደግሞ ሌላው ትምህርት ሁሉ የሚሰጥበት ቋንቋ አድርጎታል። ስለዚህ ዛሬ በግማሽ የተያዘ ቃል ነገ በፊዚክሱም በታሪኩም ልጁን ያሰናክለዋል።

ለምሳሌ «ላይት» የሚለውን ቃል እንመልከት። ሕፃኑ ፍቺው ብርሃን እንደ ሆነ ተምሯል፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ቃል የማይከብድ፣ ቀሊል ማለትም ነው። እነዚህ ሁለቱ በጥንት ዘመን ከተለያየ ሥር የበቀሉ ቃላት ሲሆኑ፣ ከጊዜ ብዛት በድምፅም በፊደልም አንድ ሆነዋል። ጧፍ ማብራትም፣ የመንገድ መብራትም፣ ውሃ ሰማያዊ የምንለው ቀለም ፈካ ማለቱም በዚሁ ቃል ይነገራል።

ይህን አለመለየት ምን ያህል እንደሚያሳስት ከወንጌል እንረዳለን። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 14 ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን በብርሃን ይመስላቸዋል፤ በምዕራፍ 11 ቁጥር 30 ደግሞ የእርሱ ሸክም የማይከብድ መሆኑን ይናገራል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1611 ዓ.ም. በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በሁለቱም ስፍራ የገባው ቃል «ላይት» ነው። አንድ ፍቺ ብቻ የያዘ ልጅ ሁለተኛውን ቁጥር ሲያነብ ሸክሙን ብርሃን ያደርገዋል፤ ለደካሞች የተነገረውም የዕረፍት ቃል ያመልጠዋል።

ለዚህ የሚሆን ልማድ ከአባቶቻችን ወርሰናል። በትርጓሜ ቤት መምህሩ አንዱን ፍቺ ከሰጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያስከትላል። እኛም በቤታችን እንዲሁ እናድርግ። የመለያው መንገድ ተቃራኒውን መጠየቅ ነው፤ ተቃራኒው ጨለማ ከሆነ ቃሉ ብርሃን ነው፣ ተቃራኒው ከባድ ከሆነ ቀሊል ነው። ማታ መብራቱን እያጠፋንና እያበራን፣ ቀን ባዶውን ጣሳና ውሃ የሞላውን ጣሳ እያስጨበጥን ብናስተምረው ልጁ ቃሉን በዓይኑም በእጁም ያውቀዋል።

የእኛም ቋንቋ የራሱ ወጥመድ አለው። «ቀላል» የምንለው የማይከብደውን ዕቃም የማያስቸግረውን ፈተናም ነው፤ እንግሊዝኛ ግን ፈተናውን «ኢዚ» ይለዋል እንጂ «ላይት» አይለውም። «ገና» የሚለውም ቃል ሲጠብቅ የልደት በዓል፣ ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው። ይህን ብንነግረው ልጁ የቃል ብዙ ፍቺ መያዝ የባዕድ ቋንቋ ችግር ብቻ እንዳልሆነ ተረድቶ አይፈራም።

በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚያድጉት ልጆች ነገሩ ይገለበጣል። እነርሱ «ላይት»ን ከሰፈር ያውቁታል፤ ከወላጆቻቸው የሚፈልጉት ብርሃን፣ መብራትና ቀላል በአማርኛ የተለያዩ መሆናቸውን ነው።

እንግሊዝኛ ያልተማረ ወላጅም ከዚህ ሥራ ውጭ አይደለም። ልጁ ቃሉን ባነበበለት ጊዜ «አንድምስ ምን ይሆናል? ተቃራኒውስ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቀው ይበቃል። መልሱን ፈልጎ የሚያመጣው ልጁ ራሱ ነው፤ ፈልጎ ያገኘውንም በቀላሉ አይረሳውም።