ያገለገለች ሞተር ብስክሌት ዓመታዊውን ምርመራ ታልፋለችን?

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ሉማሜ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ዙሪያዋ የጤፍ አገር ነው። ከአውራ ጎዳናው ወጥተው ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚያመሩት ብዙዎቹ መንገዶች ዋልካ መሬት አቋርጠው የሚያልፉ በመሆናቸው በበጋ ይሰነጠቃሉ፤ በክረምት እግርም ጎማም ይይዛሉ። በእነዚህ መንገዶች የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያውንና አዳቃይ ቴክኒሽያኑን ወደ ገበሬው ደጃፍ የምታደርሰው ሞተር ብስክሌት ናት። ብዙውን ጊዜም አዲስ አይደለችም፤ ከአንድ ወይም ከሁለት እጅ ያለፈች ናት።

ይህ ዘጋቢ በአንድ ወቅት ከከተማዋ ራቅ ካለ ቀበሌ ሳለ፣ አንድ አባወራ ላማቸው ኮርማ መፈለጓን ሊያስታውቁ ማልደው በእግራቸው መጡ። አዳቃይ ቴክኒሽያኑ በሥራው ላይ ነበር። የናይትሮጅን ዕቃውም ሙሉ ነበር። ሞተር ብስክሌቷ ግን ከመጋዘኑ ጥግ ቆማለች። ቦሎዋ ጊዜው አልፎበታል፤ ለምርመራ ቀርባም ወድቃ ተመልሳለች። እንደሚታወቀው ላም ኮርማ ፈልጋ የምትቆየው አንድ ቀን እንኳ ለማይሞላ ጊዜ፣ በአማካይ 18 ሰዓት ያህል ነው። ምልክቱ ጠዋት የታየባት ላም ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየባት ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት መዳቀል ይኖርባታል። ይህ ካለፈ 21 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። አባወራው ይህን ያውቁ ስለነበር ብዙ አልተናገሩም፤ በትራቸውን አንሥተው የመጡበትን መንገድ ያዙ።

ሞተር ብስክሌቷ በምን ምክንያት እንደወደቀች ሲጠየቅ፣ የኋላው የፍሬን መብራት አለመሥራቱና የአንደኛው ጎማ ጥርስ ማለቁ ሆኖ ተገኘ። ሞተሩማ እንደ ሰዓት ይሠራል።

ነገሩ በዚህች ሞተር ብስክሌት ብቻ የደረሰ አይደለም። ያገለገለች ሞተር ብስክሌት ምርመራውን ማለፍ አለማለፏ የሚወሰነው በዕድሜዋ ወይም በሞተሯ ጉልበት ሳይሆን በአብዛኛው በአምፖል፣ በሽቦ፣ በፍሬን ሸራና በጎማ ነው። ይኸው በሌላውም ዓለም የታየ ነው። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1960 ጀምሮ ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ ይካሄዳል፤ ውጤቱም ለሕዝብ በይፋ ይገለጻል። በቅርብ ዓመታት በተገለጸው መሠረት፣ በመጀመሪያው ቀረባ ከሚወድቁት ሞተር ብስክሌቶች ቁጥር ከአምስቱ አንዱን እንኳ አይሞላም። ከመኪናዎች ግን ከአራቱ አንድ የሚበልጥ ይወድቃል። ሞተር ብስክሌቶችን ከሚጥሏቸው ጉድለቶች ቀዳሚውን ቦታ የያዘው የመብራት ጉድለት ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የእነርሱ ሞተር ብስክሌት በአስፋልት ላይ የምትሄድ፣ ከብርድና ከዝናብም ብዙውን ጊዜ በጋራዥ የምትከለል መሆኗ ነው። የእኛዋ ዋልካና ኮረት ትረግጣለች፣ ወንዝ ትሻገራለች፣ አንዳንዴም ከነጂው ሌላ ግማሽ ኩንታል ማዳበሪያ ትሸከማለች። በእነርሱ አገር አምፖል ቀዳሚው ጠላት ከሆነ፣ በእኛ አገር ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በአገራችን የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ እንዲደረግላቸው ያዛል። የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው ተሽከርካሪም በመንገድ ላይ እንዳይነዳ በሕግ ተከልክሏል። ለሞተር ብስክሌት የተለየ ምሕረት የለም። በነገራችን ላይ፣ አሮጌዎቹን የያማሃና የሆንዳ ሞተር ብስክሌቶች ሠርታ የላከችልን ጃፓን ከ250 ሲሲ ያልበለጡትን ሞተር ብስክሌቶች ለግዴታ ወቅታዊ ምርመራ አታቀርብም። በተወለደችበት አገር መርማሪ የማያያት 125 ሲሲ እኛ ዘንድ ስትመጣ በየዓመቱ ትታያለች ማለት ነው። የመንገዳችንን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስቆጭ አይሆንም።

ይህ ዘጋቢ ራሱን ከጥፋት ነጻ አድርጎ አይጽፍም። ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ በጀመርሁበት ዓመት ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈች 125 ሲሲ ሞተር ብስክሌት እነዳ ነበር። የምርመራው ቀን ሲደርስ ስፖኪዮ አልነበራትም፤ አንደኛው ፍሬቻም ተሰብሯል። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሞተር ብስክሌት ሁለቱን ስፖኪዮና ፍሬቻውን ፈትቼ ተዋስሁ፤ የፍሬን መብራቱንም ሽቦ በፕላስተር አሥሬ ለዚያች ቀን እንዲበራ አደረግሁ። ምርመራውን አለፍሁ፤ ቦሎውንም ተቀበልሁ። በማግሥቱ የተዋስሁትን መለስሁ፤ በፕላስተር የታሠረውም ሽቦ ሳምንት ሳይሞላው ተፈታ። ከዚያ በኋላ በአንድ ምሽት ወደ ሉማሜ ስመለስ ከብት መንገድ ሲያቋርጥ አይቼ ድንገት ፍሬን ያዝሁ። ከኋላዬ የጭነት አይሱዙ ይመጣ ነበር። ሾፌሩ መቆሜን የሚያሳየው መብራት አልነበረም፤ ከኋላዬ የሚመጣውንም እኔ የማይበት ስፖኪዮ አልነበረኝም። መኪናው ከጎኔ ታክኮ አልፎ ከመንገዱ ዳር ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ የተናገረኝን ቃል በዚህ ዓምድ ላይ ማስፈር ተገቢ አይሆንም፤ እውነት አልነበረም ለማለት ግን አልችልም። ቦሎው በኪሴ ነበር።

ከዚህ የተነሣ የቀበሌና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች ሞተር ብስክሌታቸው ቦሎ ማግኘቷን ብቻ ሳይሆን በምን ሁኔታ እንዳገኘችም ቢጠይቁ መልካም ነው። ለአንድ ቀን የተሞሸረች ሞተር ብስክሌት የምትጎዳው ማኅበሩ የላከውን ሰው ነው።

መብራቱ ለምን ቶሎ ይበላሻል? በኮረኮንች መንገድ ላይ የሚደርሰው ንቅናቄ የአምፖሉን ቀጭን ሽቦ ይበጥሰዋል። መሪው ግራና ቀኝ በተጠመዘዘ ቁጥር ከእርሱ ጋር የሚተጣጠፈው የሽቦ እሽግም ከጊዜ በኋላ ልባሱ ይላጥና እርስ በርሱ ወይም ከብረቱ ጋር ይገናኛል። ጭቃ የገባበት ማገናኛ ይዝጋል። ስለዚህ መብራት ጠፋ ሲባል አምፖል ገዝቶ መለወጥ ብቻ አይበቃም። መሪውን ዳር እስከ ዳር እያዞሩ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት አለማለቱን ማየት ያስፈልጋል። ብልጭ ድርግም ካለ ጥፋቱ የሽቦው ነው። የፍሬን መብራቱንም በእጅም በእግርም ፍሬን እየያዙ ለየብቻ መፈተን ይገባል፤ በብዙዎቹ ላይ ሁለቱ የየራሳቸው ማብሪያ አላቸውና አንዱ ሠራ ማለት ሌላው ሠራ ማለት አይደለም። ሥራው ሁለት ሰውና አምስት ደቂቃ ይፈልጋል።

ፍሬንን በተመለከተ ብዙ ነጂዎች የፊተኛውን ይፈሩታል፤ ይገለብጣል ይላሉ። በዋልካ ጭቃ ላይ በኃይል ከያዙት እውነት ነው። በደረቅ መንገድ ግን አብዛኛውን የማቆም ኃይል የሚሰጠው የፊተኛው ፍሬን ነው። በፍርሃት ምክንያት ሳይነካ የኖረ ፍሬን ገመዱ ዝጎ፣ ክንዱ ደርቆ በምርመራው ቀን እምቢ ይላል። ከበሮ ፍሬን ያላቸው ሞተር ብስክሌቶች ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ውኃ ይገባባቸዋል። ቀስ ብሎ እየሄዱ ፍሬኑን ቀለል አድርገው ደጋግመው ቢይዙት ሸራው ይደርቃል። ጭቃው ግን በዚህ አይወጣም፤ ጎማው ተፈትቶ ከበሮው መጠረግ አለበት። ካቴናውም እንዲሁ ነው፤ ጭቃና ዘይት ተቀላቅለው እንደ ሞረድ ይበሉታል። ከመካከሉ በጣት ሲነሣ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ዝቅ ካለ ደኅና ነው። ከዚያ በላይ ከላላ ይወልቃል፤ ከተወጠረም ኩሽኔታውን ይበላል። ያማሃ ኤጂ 100 የተባለችው፣ ለእርሻ ሥራ ተብላ የተሠራችው ሞተር ብስክሌት ካቴናዋ በሙሉ የተሸፈነ ስለሆነ በዚህ በኩል ከሌሎቹ ትሻላለች። ባለ ሁለት ምት በመሆኗ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላልና ጥቂት ብታጨስ አያስደንግጥ። ባለ አራት ምት የሆነችው ሰማያዊ ጭስ ካወጣች ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ፒስተኗን ወይም ቫልቮቿን የሚያይ መካኒክ ይጠራ።

አንድ ማኅበር ያገለገለች ሞተር ብስክሌት ለመግዛት ሲያስብ ይህ ሁሉ ከግዢው በፊት መታየት አለበት። ገበሬው በሬ ሲገዛ ጥርሱን ይቆጥራል፣ ሰኮናውን ያያል፣ ጫንቃውን ይዳስሳል፣ ቆም ብሎም ሲራመድ ይመለከታል። ያው ገበሬ ሞተር ብስክሌት ሲገዛ ሞተሩ ሲጮኽ ሰምቶ ብቻ ገንዘብ ሲቆጥር ማየት ያስገርማል። ሻጩ ገዢው ከመድረሱ በፊት ሞተሩን አሙቆት ሊሆን ስለሚችል፣ ቀድሞ በእጅ መዳሰስ ነው። ሞቆ ከተገኘ በማግሥቱ ማለዳ ተመልሶ ብርዱን እንዳለ ማስነሣት ይሻላል። ጎማዎቹን ከመሬት አንሥቶ ግራና ቀኝ መወዝወዝ፤ ከተንገዳገዱ ኩሽኔታቸው አልቋል። የፊተኛውን እንዳነሡ መሪውን ቀስ ብሎ ማዞር፤ በመካከሉ እንደ ጥርስ ከያዘ የመሪው ኩሽኔታ ተቦርቡሯል። የጎማው ጥርስ ቢኖርም ጎኑ በፀሐይ ከተሰነጣጠቀ ዋጋ የለውም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በመካኒክ የማይታከመው ጉድለት ነው። በሻንሲዋ ላይ የተቀረጸው ቁጥርና በሞተሩ ላይ ያለው ቁጥር በሊብሬው ላይ ከተጻፉት ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለባቸው። ሞተሩ አርጅቶ ከሌላ ሞተር ብስክሌት በተወሰደ ሞተር ከተተካና ይህም ካልተመዘገበ፣ መብራቷ ቢበራ ፍሬኗ ቢይዝ ምርመራውን ለማለፍ ትቸገራለች። ጭቃውን በጨርቅ ጠርጎ ቁጥሩን ማንበብ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ካልተደረገ ግን ማኅበሩን ለዓመታት ደጅ ያስጠናል። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም በድጋሚ የተመታ መስሎ ከታየ ዋጋው ምንም ቢረክስ መተው ነው። በእርዳታ ፕሮጀክት ከቀረጥ ነጻ የገባች ሞተር ብስክሌትም ፕሮጀክቱ ሲያልቅ እንዲሁ በውል ተሸጣ የምትሄድ አይደለችም። የጉምሩክ ጉዳይ ሳያልቅ ስሟ ወደ ገዢው አይዞርም። ሊብሬው በቀድሞው ባለቤት ስም እንደሆነ የሚቆይበት ግዢም እንደዚያው ነው፤ ሰውዬው አገር ቢለቅ ወይም ቢሞት ማኅበሩ የገዛውን ንብረት የኔ ነው ብሎ ማስመዝገብ ይቸገራል። ስለዚህ ገንዘቡ በሙሉ ከመከፈሉ በፊት ስሟ ወደ ማኅበሩ ይዙር።

ከላይ ወደ ተነሣችው የአዳቃይ ቴክኒሽያኑ ሞተር ብስክሌት እንመለስ። ማኅበሩ ጎማ አስገዛ፤ የፍሬን መብራቱም ሽቦ ከመሪው ሥር ተልጦ ስለተገኘ ተለውጦ በጎማ ቱቦ ተሸፈነ። የመጋዘን ጠባቂው በአንድ ደብተር ላይ መስመር አሥምሮ ሞተር ብስክሌቷ ለሥራ ስትወጣ ፍሬን፣ መብራት፣ ካቴና፣ ጎማ እያለ ምልክት ማድረግ ጀመረ። ነጂው መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎት ነበር፤ እንደ ተማሪ ስሙ የሚጠራ መስሎት። በሁለተኛው ቀረባ መርማሪው ያገኘባት ጉድለት አንድ ብቻ፣ የላላ የግራ ስፖኪዮ ነበር፤ እርሱም እዚያው በቁልፍ ተጠብቆ ቦሎው ተለጠፈ። የአባወራውም ላም 21ኛው ቀን ሲደርስ በድጋሚ ኮርማ ፈለገች። በዚህ ጊዜ ቴክኒሽያኑ ከቀትር በኋላ በደጃቸው ነበር።