ስሙን ከጭሱ የወሰደ ዛፍ

ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሮ ወደ ፒያሳ የሚወጣ ሰው ዕጣን አያጣም። የጀበና ቡና ባለበት ሁሉ ማጨሻ አለ፤ ከፍ ብሎ አራዳ ጊዮርጊስ ሲደርስ ደግሞ ቅዳሴ ላይ ከጽናው ይሸተዋል። «ለመሆኑ ዛፉ ምን ይመስላል?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን አብዛኛው መንገደኛ መልስ የለውም።

አይፈረድበትም። ዛፉ ያለው ሩቅ ነው፦ መተማና ቋራ፣ ሑመራ፣ አበርገሌ፣ ቤንሻንጉል ጉሙዝ። ሞቃትና ደረቅ ቆላ ይወዳል፤ አፈር በሳሳበት ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ሳይቀር ይበቅላል። ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ቅጠል የሚለብሰው በክረምት ነው፤ አበባውን የሚያወጣው ቅጠሉን አራግፎ ነው።

ስሙም ቢሆን ስለ ዛፉ የሚነግረን ነገር የለም። ዕጣን «ዐጠነ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ የሚያወራው ስለ ጭሱ ነው። ግእዝ ሙጫውን ስኂን ይለዋል፤ ሰብአ ሰገል ካመጧቸው ሦስት ስጦታዎች አንዱ ነው። ለዛፉ ለራሱ ስም ያወጡለት አብረውት የሚኖሩት ናቸው፤ በትግርኛ መቀር ይባላል። ሳይንሳዊ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ነው። ፓፒሪፌራ በላቲን «ወረቀት የሚያፈራ» ማለት ሲሆን፣ ልጡ እንደ ስስ ወረቀት እየተገሸለጠ ስለሚነሳ የተሰጠው ነው። ይህ እንኳ ዛፉን አይቶ የተሰየመ ነው። ቦስዌሊያ ግን የ18ኛው ክፍለ ዘመን የኤድንብራ ሐኪም የጆን ቦስዌል መታሰቢያ ነው። ሕንድ አገር ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት አጥኚ ዊልያም ሮክስበርግ ለዚህ የዛፍ ወገን ስሙን አወጣለት፤ ስያሜው በ1807 እ.ኤ.አ. ታተመ። የቋራ በረሃ ዛፍ በስኮትላንዳዊ ሐኪም ስም መጠራቱ ትንሽ ያስቃል።

ሙጫው ልጡ ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ይኖራል፤ ዛፉ ሲቆስል ይወጣና ቁስሉን ይደፍናል። የዕጣን ሥራ ይህንኑ መጠቀም ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ አምራቹ በስለት ከልጡ ላይ ትንሽ ይልጣል። የወጣው ነጭ ፈሳሽ ደርቆ ሲጠጥር፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ይለቀማል፤ ቁስሉም እንደገና በጥቂቱ ይታደሳል። በጋውን ሙሉ እንዲህ ይደጋገማል። ከአንድ ዛፍ በዓመት የሚገኘው ግን ብዙውን ጊዜ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። መጋዘን ሲገባ ደግሞ በመጠንና በቀለም ይለያል፤ የመለየቱ ሥራ በአብዛኛው የሴቶች ነው። ገበያው የዚህን ዛፍ ዕጣን «የትግራይ ዓይነት» ይለዋል፤ የኦጋዴንና የቦረና ዓይነት የሚባሉት ከሌሎች ዛፎች ይገኛሉ።

ከዓለም የዕጣን ምርት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚመጣው ከዚህ አንድ የዛፍ ዝርያ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ኔቸር ሰስተይነቢሊቲ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም የተሳተፉበት ጥናት ያስደነግጣል። ከተጠኑት ደኖች ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ውስጥ ለጋ ዛፍ አልተገኘም፤ ምርቱም በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ተገምቷል። ዘሩ መሬት ላይ ወድቆ ይበቅላል፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ችግኙን ከብት ይግጠዋል፣ ሰደድ እሳት ይበላዋል። ትልልቆቹን ደግሞ ግንድ የሚቦረቡር ጢንዚዛ ይጥላቸዋል፣ እርሻም ይመነጥራቸዋል። ያለ ዕረፍት ሲላጥ የኖረ ዛፍ የሚሰጠውም ዘር ደካማ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ነው፤ ሌላው ሁሉ አጥርና ጥበቃ ይፈልጋል፣ ይህ ግን ከገቢ ላይ መቀነስን ይጠይቃል። ዛፉን ለጥቂት ዓመታት ሳይልጡ መተው ማለት ነውና፣ በዕጣን ለሚተዳደር ቤተሰብ ቀላል አይደለም።

አበርገሌ ላይ የተሞከረ ሌላ መንገድም አለ። ዘር መጠበቁ ቀርቶ ወፍራም ቅርንጫፍ ተቆርጦ ይተከላል፤ ሥር ይሰዳል፣ ያቆጠቁጣልም። ከመሬት ከፍ ብሎ ስለሚጀምር ፍየል በቀላሉ አትጨርሰውም።